የተገጨ ውሻ ወይም ድመት መንገድ ላይ ስታገኙ ለባለቤቱ እንዴት ትነግራላችሁ?

ከደጀን እስከ ባሕር ዳር ባለው አስፋልት የተመላለሰ ሰው ያውቀዋል። ሉማሜን፣ ደብረ ማርቆስን፣ ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምን፣ ቡሬን አልፋችሁ ስትሄዱ የተገጨ ውሻ ሳታዩ የምትገቡበት ቀን ጥቂት ነው። በቢቸናና በሞጣ በኩል ብትዞሩም ያው ነው። ሹፌሩ አይቆምም፣ ተሳፋሪው ፊቱን ያዞራል፣ ሲኖትራኩም ሚኒባሱም በላዩ ሲመላለስ ይውልና ማታ ላይ ውሻ እንደነበር የሚለይ ሰው አይኖርም። በዚያው ሰዓት ከአስፋልቱ ትንሽ ገባ ብሎ ካለ ቤት አንድ ሰው ደጅ ወጥቶ ስሙን እየተጣራ ነው።

«ለውሻ ደግሞ መርዶ?» የሚል አይጠፋም። እኔ ያስፈልጋል እላለሁ። ገጠር ቤት ውሻ የሌሊት ዘበኛ ነው፤ ጅቡን ከበረት፣ ሌባውን ከግቢ የሚያርቀው እሱ ነው። ድመቷም እህሉን ከአይጥ ትጠብቃለች። ባለቤቱ የውሻውን መሞት ካልሰማ ዛሬ ማታ ቤቱ ጠባቂ እንደሌለው አያውቅም። ከዚህ የሚብሰው ደግሞ ጥርጣሬው ነው። ውሻ የጠፋበት ሰው መጀመሪያ ይፈልጋል፣ ሲያጣ መጠርጠር ይጀምራል። «እገሌ መርዝ አብልቶብኝ ነው» ይላል። ቀድሞ በድንበር ወይም በዶሮ ነገር የተቀያየሙ ጎረቤቶች ከሆኑማ ነገሩ በዚያ አያበቃም። አንድ መንገደኛ ጎራ ብሎ «መኪና ነው የገጨው፣ እዚህ ጋ ነው ያለው» ቢል ኖሮ ያ ሁሉ አይመጣም ነበር።

እንግሊዝ አገር ይህ ነገር ሥርዓት አለው። በ1988 የወጣው የመንገድ ትራፊክ ሕጋቸው ውሻ የገጨ ሹፌር ቆሞ ስሙንና አድራሻውን እንዲሰጥ፣ ካልሰጠ ደግሞ ለፖሊስ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል፤ ድመት ግን በሕጉ ዝርዝር ውስጥ የለችም። ውሾቻቸው ከ2016፣ ድመቶቻቸው ደግሞ ከ2024 ጀምሮ ከቆዳቸው ሥር የሩዝ ፍሬ የምታህል ማይክሮቺፕ እንዲኖራቸው ግድ ነው (ዓመቶቹ በፈረንጆቹ ናቸው)። ቺፑ በመሣሪያ ሲነበብ ቁጥር ያወጣል፣ በቁጥሩ ባለቤቱ ይገኛል። እኛ ጋ ቺፕ አልተለመደም። እኛ ጋ ያለው እረኛው፣ ባለሱቁ፣ የባጃጅ ሹፌሩና ቡና አፍልታ የምትሸጠዋ ናቸው፤ እነሱ ደግሞ የሰፈሩን ውሻ ሁሉ ከነባለቤቱ ያውቃሉ። ሥራው እነሱን በአግባቡ መጠየቅ ነው።

፩. መጀመሪያ ራሳችሁን ጠብቁ

ለሞተ ውሻ ተብሎ ሰው አይሞትም። መኪና ላይ ከሆናችሁ ከመንገዱ ሙሉ በሙሉ ወጥታችሁ ቁሙ፣ ፍሬቻ አብሩ፣ ሦስት ማዕዘኑን ከኋላ አስቀምጡ። መታጠፊያ ላይ በፍጹም አትቁሙ። ዓባይ በረሃ ላይ ከሆነማ ጨርሶ አትሞክሩት፤ ከጎሃ ጽዮንም ሆነ ከደጀን ተጭኖ የሚወርድ መኪና ፍሬኑ ግሎ ነው የሚመጣው፣ እናንተን አይቶ ልቁም ቢል እንኳ ላይሆንለት ይችላል። እንዲህ ካለ ቦታ ላይ ምልክቱን በዓይናችሁ ያዙና መንደር ስትደርሱ ተናገሩ።

ከመሸም አትውረዱ። በጨለማ መንገድ ዳር መቆምም፣ የማያውቁትን ሰው በር ማንኳኳትም በዚህ ጊዜ ለእናንተም ለቤቱ ሰውም ጥሩ አይደለም። ቦታውን ያዙ፣ ጠዋት ይደረሳል።

፪. ሞቷል ወይስ ነፍስ አለው?

ዝም ብሎ የተኛ ሁሉ አልሞተም። ጎን ጎኑን እዩ፣ ሆዱ ከፍ ዝቅ ይላል? ረዘም ባለ ዘንግ የዓይኑን ጥግ ቀስ አድርጋችሁ ንኩ፤ ካልተርገበገበ፣ ትንፋሽም ከሌለው አልቋል።

ነፍስ ካለው ተጠንቀቁ። ሕመም ላይ ያለ ውሻ የራሱን ጌታ እንኳ ይነክሳል። ከኋላ በኩል ቀርባችሁ ጆንያ ወይም አሮጌ ብርድ ልብስ ጣል አድርጉበትና በሁለት ሰው ጆንያውን እንደ ቃሬዛ ይዛችሁ አንሱት። ወረዳ ከተማ ላይ የእንስሳት ክሊኒክ አለ፤ ባጃጅ ተከራይቶ ማድረስ ይቻላል። ግን አንድ ሰው ባለቤቱን ለመጥራት መንደር ይሂድ። ይታከም ወይስ ይገላገል የሚለውን መወሰን ያለበት ባለቤቱ ነው፣ ቶሎ ከተገኘ።

፫. ከአስፋልቱ ላይ አንሱት

ሬሳ መንገድ ላይ ሲቆይ ሌላ ሞት ይጠራል። ቀን አሞራ፣ ማታ ጅብ፣ በየመሐሉ ደግሞ ሌሎች ውሾች ይመጡበታል፤ እነሱም በተራቸው ይገጫሉ። ሹፌርም ሬሳውን ልሽሽ ብሎ መሪ ሲያዞር ከሰው ይጋጫል።

እጃችሁ ላይ ፌስታል ድርብ አድርጋችሁ አጥልቁ። የኋላ እግሮቹን ይዛችሁ ወደ ዳር ጎትቱት። አፉንና ጭንቅላቱን አትንኩ፤ የእብድ ውሻ በሽታ በምራቅና በአንጎል ውስጥ ነው ያለው፣ ውሻው ሞተ ማለት አደጋው በዚያው ቅጽበት አለቀ ማለት አይደለም። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ሌላ ሰው ያንሳው። ምራቁ ወይም ደሙ ቁስላችሁን ወይም ዓይናችሁን ከነካ ዛሬ ነገ ሳትሉ በሚወርድ ውሃ ለ15 ደቂቃ ያህል እጠቡት፣ ቁስሉን በሳሙና፣ ዓይንን በንጹሕ ውሃ ብቻ። ከዚያ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ይህ በሽታ አንዴ ምልክት ካሳየ መድኃኒት የለውም፤ ቀድሞ የተወሰደ ክትባት ግን ያድናል።

ዳር ስታወጡት ከተገጨበት ቦታ አታርቁት። ባለቤቱ መጥቶ ሲያይ «እዚህ ጋ ነው» መባል አለበት።

፬. በደንብ እዩት

ብዙ ሰው የሚቸኩለው እዚህ ላይ ነው። «አንድ ቡናማ ውሻ ተገጭቷል» ብላችሁ መንደር ብትገቡ አምስት ቤት ደንግጦ ይወጣል፤ ቡናማ ውሻ የሌለው ማን አለ? ስለዚህ አጎንብሱና እዩት። ወንድ ነው ሴት? ደረቱ ላይ ነጭ አለው? የጅራቱ ጫፍ? ጆሮው ተቆርጧል ወይስ ሙሉ ነው? አንገቱ ላይ ምን አለ፤ ሰንሰለት፣ የጎማ ቁራጭ፣ ቃጭል፣ የተበጠሰ ገመድ? ገመዱ ቀለም ካለው ቀለሙን ያዙ፤ የገዛ እጇን ቋጠሮ የማታውቅ የቤት እመቤት የለችም። ጥርሱን ለማየት ብላችሁ ግን አፉን አትክፈቱ።

ሴት ከሆነች ደግሞ ሆዷን እዩ። ይህን አደራ እላለሁ። ጡቶቿ ወረድ ብለው፣ ጫፋቸው ቀልቶ፣ ዙሪያው ፀጉሩ ሳስቶ ካያችሁ ሰሞኑን የወለደች ናት። ቡችሎቿ የሆነ ቦታ አሉ ማለት ነው፤ ምናልባት ከጭድ ክምር ሥር፣ ምናልባት አጥር ጥግ፣ ምናልባት ባለቤቱ እንኳ በማያውቀው ጉድጓድ ውስጥ። ቡችላ ዓይኑን የሚገልጠው ከተወለደ ሁለት ሳምንት ገደማ ሲሆነው ነው፤ እስከዚያ ድረስ ራሱን ማሞቅ አይችልም፣ የደጋ ሌሊት ያለ እናት አያሳልፈውም። እንዲህ ያለ ነገር ስታዩ ሌላውን ሁሉ ተዉና ባለቤቱን ፍለጋ ሩጡ። ሲገኝም መጀመሪያ የምትነግሩት «የምታጠባ ናት፣ ቡችሎቹ የት ናቸው?» የሚለውን ነው። ቡችሎቹ ሲገኙ ወተት ከማለት በፊት ይሙቁ፤ የቀዘቀዘ ቡችላ የሰጡትን አይፈጭም። ሰፈር ውስጥ ሌላ የምታጠባ ውሻ ካለች እሷ ዘንድ ቀስ ብሎ ማስጠጋት ይሞከራል፣ ብዙ ጊዜ ትቀበላለች። ለድመትም እንዲሁ ነው።

ስልክ ካላችሁ ሁለት ፎቶ አንሱ። አንዱ የፀጉሩን ቀለምና አንገቱን የሚያሳይ፣ ሌላው ቦታውን የሚያሳይ፦ ድልድዩን፣ የኪሎ ሜትሩን ድንጋይ፣ ዋርካውን። የፈረሰውን ክፍል አታንሱ፤ ከፈረሰም በቅጠል ወይም በጨርቅ ሸፍናችሁ አንሱ። ሰዓቱንም ያዙ።

፭. ማንን ትጠይቃላችሁ?

ከቅርብ ጀምሩ። ድመት ከቤቷ ብዙም አትርቅም፣ አስፋልቱ ዳር ያሉትን ቤቶች በሁለቱም በኩል ብትጠይቁ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ውሻ ግን ይሄዳል። በተለይ በገበያ ቀን የባለቤቱን ተረከዝ ተከትሎ ስንት ሰዓት ተጉዞ ይመጣል፣ ስለዚህ የገበያ ቀን የተገጨ ውሻ የዚያ መንደር ላይሆን ይችላል። እንዲህ ሲሆን መንደሩን ከማዳረስ ይልቅ ገበያተኛው የሚመለስበት መንገድ ላይ ቆሞ መጠየቅ ይሻላል። አህያ እየነዳ የሚያልፈውን ሁሉ «ውሻ ተከትሎት የመጣ ሰው አይታችኋል?» ብትሉ አንዱ ያውቃል።

ከቤቶቹ ቀጥሎ ሱቅ ነው። ባለሱቅ ማን ምን እንዳለው ያውቃል። ከተማ ከሆነ የባጃጅ ተራ ሂዱ፤ ደብረ ማርቆስም ሆነ ባሕር ዳር የባጃጅ ልጆች አንዱ ለሌላው እየደወለ በአጭር ጊዜ ሰፈሩን ያዳርሳል። መናኸሪያ አካባቢ ከሆነ ተራ አስከባሪዎቹን ጠይቁ። እሑድ ከሆነ ከቅዳሴ መልስ ሰው ሲወጣ ከቅጽሩ ውጭ ጠብቁ፣ ወይም የዕድር ሰብሳቢ ካለ ንገሩት፤ ዕድር የሰው ሞት እንጂ የውሻ አይለፍፍም፣ ሰብሳቢው ግን ሰውን ሁሉ ያውቃል።

እረኞችና ልጆች ከሁሉም በላይ ያውቃሉ፤ ውሻውን በስሙ ይጠሩላችኋል። ግን ተጠንቀቁ። የምትጠይቁት ልጅ የውሻው ጌታ ሊሆን ይችላል። «አንድ ውሻ ሞቷል፣ የማን ነው?» አትበሉት። «ደረቱ ነጭ የሆነ ቡናማ ውሻ ያለው የማን ቤት ነው?» በሉት። «የእኛ ነው፣ ምን ሆነ?» ካለ «አባትህን ወይም እናትህን ላነጋግር ፈልጌ ነው» ብላችሁ አብራችሁት ሂዱ። ፎቶውን ለልጅ አታሳዩ። ወደ ሬሳውም አትላኩት፤ ልጅ ብቻውን አስፋልት ዳር ሄዶ ሲያለቅስ የሚመጣውን መኪና አያይም።

ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ የየከተማው ቡድን አለ። ጥሩ ነው፣ ግን ኔትወርክ በሌለበት ቀንና ስልክ በሌላቸው ቤቶች ላይ አትተማመኑበት። ስትለጥፉ የሬሳ ፎቶ አታውጡ። እንዲህ ብላችሁ ጻፉ፦

«ዛሬ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ከደምበጫ መውጫ፣ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ፣ ድልድዩ ጋ አንድ ውሻ ተገጭቶ ሞቷል። ወንድ፣ ቡናማ፣ ደረቱ ነጭ። አንገቱ ላይ አረንጓዴ ገመድ አለው። ባለቤቱን የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።»

ካያችሁት ምልክት አንዱን ሆን ብላችሁ ሳትጽፉ አስቀሩ። የኔ ነው የሚል ሲመጣ እሱን ጠይቁት። በሞተ ውሻ ማን ይዋሻል አትበሉ፤ ክፋት ባይኖርም ተስፋ የቆረጠ ሰው ሁሉም ውሻ የእሱ ይመስለዋል።

፮. እንዴት ትነግሩታላችሁ?

መጀመሪያ ሰላምታ። ጎጃም ውስጥ ደጅ ቆሞ ነገር መጀመር አይሆንም። «እንደምን ዋላችሁ፣ ደኅና ናችሁ?» በሉ፤ ትልቅ ሰው ከሆነ «አያ»፣ እናት ከሆኑ «እማማ» ብላችሁ አንቱ በሉ። ሰላምታው ግን አይርዘም፤ የማያውቁት ሰው ደጅ ላይ ሲቆም የቤቱ ሰው ልቡ ይሰቀላል፣ በተለይ መንገድ ላይ ያለ ልጅ ካለው። ስለዚህ ወዲያው «በሰው የደረሰ ነገር የለም» በሉ። ይህችን ዓረፍተ ነገር አትርሷት።

ከዚያ ምልክቱን ተናገሩ፣ «የእናንተ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። አዎ ካሉ ሳታዞሩ ንገሩ፦

«አያ፣ አስፋልቱ ላይ መኪና ገጭቶት አግኝቼው ነው። ሞቷል። ዳር አውጥቼ ቅጠል አልብሼዋለሁ፣ ድልድዩ አጠገብ ነው።»

«ተጎድቷል» አትበሉ። «ትንሽ ገፋ አድርጎት ነው» አትበሉ። ሰው ለሬሳ ውሃና ገመድ ይዞ ይሮጣል፣ ደርሶ ሲያየው ሁለት ጊዜ ይጎዳል። ስቃዩ ብዙ ነበር ወይ ብለው ከጠየቁ ያያችሁትን ብቻ መልሱ። ስትደርሱ ሞቶ ከነበር «ስደርስ ሞቶ ነበር» በቂ ነው። «አሥረው ቢያሳድሩት ኖሮ» የሚል ምክር የዚያን ቀን አይነሣ። «ውሻ አይደል፣ ሌላ ይመጣል» ማለትም አያጽናናም።

ትልልቅ ሰዎች ለውሻ ማልቀስ ያፍራሉ። «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ቶሎ ወደ ውስጥ ቢገቡ አላዘኑም ማለት አይደለም፤ ተዉአቸው፣ ይግቡ። ከፈለጉ ወደ ቦታው አብራችሁ ሂዱ።

፯. የገጫችሁት እናንተ ከሆናችሁ

ሁለቱም ወገን ዝም የሚለው በፍርሃት ነው። ሹፌሩ «ካሳ ይሉኛል፣ ይሰበሰቡብኛል» ይላል። ባለቤቱ ደግሞ «የመኪናውን መብራት ክፈል ይሉኛል» ብሎ የኔ አይደለም ይላል። ሕጉም ለሁለቱም ያስባል፦ የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን የእንስሳ ባለቤት እንስሳው ላደረሰው ጉዳት፣ የመኪና ባለቤትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል። ስለዚህ ደጃፍ ላይ ሆናችሁ ጥፋተኛ ለመለየት አትሞክሩ። ስማችሁን፣ ስልካችሁን፣ የሆነውን ተናገሩ፤ የገንዘብ ነገር ከመጣ የአካባቢው ሽማግሌ ወይም የትራፊክ ፖሊስ ባለበት ይታይ።

ብቻችሁን አትሂዱ። ከአካባቢው አንድ ታላቅ ሰው ለምናችሁ አስቀድሙ፤ እሱ ፊት ፊት ሲሄድ ነገሩ ከመነሻው ይለዝባል። ሰው ተሰብስቦ ድምፅ ከፍ ከፍ ካለ ግን ተመልሳችሁ ቅርብ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ወይም ቀበሌ ግቡና እዚያ አስመዝግቡ፤ ባለቤቱን እነሱ ይንገሩት። የገጫችሁት እናንተ ካልሆናችሁ ደግሞ ገና ስትጀምሩ «እኔ አልገጨሁትም፣ መንገደኛ ነኝ» ማለት አትርሱ።

፰. ከመሄዳችሁ በፊት አንድ ጥያቄ

«በዚህ ሰሞን ሰው ነክሶ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። የነከሰ ውሻ ታሥሮ 10 ቀን ይታያል፤ በዚያ ጊዜ ውስጥ ደኅና ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው። ውሻው ከሞተ ግን መጠባበቅ የሚባል ነገር የለም። የተነከሰው ሰው፣ የቤቱ ልጅም ቢሆን፣ ክትባቱን ለመጀመር ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ውሻው ከመገጨቱ በፊት ሲንገዳገድ፣ ለሃጩ ሲዝረከረክ፣ ያገኘውን ሲነክስ ታይቶ ከነበር ደግሞ ሬሳውን ማንም ሳይነካው ለወረዳው የእንስሳት ሐኪም ይነገር። እንዲህ ያለ ውሻ መንገድ መሐል የሚገባው ያለ ምክንያት ላይሆን ይችላል።

፱. ባለቤቱ ካልተገኘ

እስከ ማግስቱ ጠብቁ፤ ከዚያ በላይ ሬሳ አይቆይም። ለቀበሌው ወይም ለአካባቢው ሚሊሻ ቦታውንና ምልክቱን ተናግራችሁ ቅበሩት። ጉድጓዱ እስከ ወገብ ይግባ፤ ከዚያ ካነሰ ጅብ ያወጣዋል። ከምንጭና ከጉድጓድ ውሃ ራቅ ይበል፣ ቤተ ክርስቲያን አጠገብም አይሁን፣ ሰው ቅር ይለዋል። ከላይ ድንጋይ ጫኑበት፣ እሾህም ጣል አድርጉ። የአንገቱን ገመድ ወይም ቃጭል ግን በፌስታል አውጥታችሁ አጥባችሁ ቅርብ ላለው ባለሱቅ ስጡ። ሳምንት ቆይቶ የሚመጣ ፈላጊ አለ፣ ቃጭሉን ሲያይ ይለየዋል፤ የት እንደተቀበረም ይነገረዋል።

ውሻ ላላችሁ ደግሞ አንድ ነገር። የአንገቱ ማሰሪያ ላይ ስልክ ቁጥራችሁን ጻፉ። ወረቀት ዝናብ አይችልም፤ ከአሮጌ የመኪና ከመነዳሪ ወይም ከወፍራም ቀበቶ ቁራጭ ቁረጡና ቁጥሩን በጋለ ምስማር ተኩሱበት፣ ወይም የጣሳ ቁራጭ ላይ በምስማር ነጥብ በነጥብ ውቀሩት፤ የጣሳው ጠርዝ አንገቱን እንዳይቆርጠው ወደ ውስጥ እጠፉት። ስልክ ከሌላችሁ የጎረቤት ወይም የባለሱቁን ቁጥር አስፈቅዳችሁ ጻፉ፣ ከጎኑም የጎጡን ስም። ማሰሪያው ሁለት ጣት የሚያስገባ ይሁን። ቡችላ ከሆነ በየወሩ አላሉት፣ አንገቱ ያድጋል።